ነፍስ ለማዳን መዋሸት፦ የጥንት አባቶች በትክክል ምን አሉ?

ንባበ_ልቡና

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለማኅበራችን የውይይት መርሐ ግብር ስለ ሐሰት በጥንት አባቶች ትምህርት የሚያወራ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ያነበባችሁ እርዱኝ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አባቶች ሁሉ ውሸትን ፈጽመው ከልክለዋል» የሚል ነው። ይህን ያለው ሰው ግን ሕፃናትን ለማትረፍ ፈርዖንን ስለዋሹት ዕብራውያን አዋላጆች (ዘጸ 1፥15-21) ወይም ሰላዮቹን ደብቃ ስለዋሸችው ረዓብ (ኢያ 2) ሲጠየቅ «እሱማ ለበጎ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ዓመታት አባቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ነበሩ ወይ? የሚፈለግን ሰው ቤቱ የደበቀ ክርስቲያን ሲጠየቅ ምን ይበል አሉ? ዝም ማለትና ነገርን ሸፈን አድርጎ መናገርስ ከውሸት ይቆጠራል? ማን፣ የት፣ ምን እንዳለ ብትነግሩኝ ይበልጥ ይጠቅመኛል።

ዘጎርጎራ

አንድ ቃል አልነበሩም፤ የተለያዩትም በጥቃቅን ነገር አይደለም። (ዓመቶቹን የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በምሥራቁ ወገን ሐሰትን እንደ መድኃኒት የሚያይ ጠንካራ መስመር አለ። ሐሳቡ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው። ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» 3ኛ መጽሐፍ ሐሰት ለሰዎች እንደ መድኃኒት ሊጠቅም እንደሚችል፣ ስለዚህም በሐኪም እጅ እንጂ በማንም እጅ መግባት እንደሌለበት ጽፏል። ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ይህን ወደ ክርስትና አምጥቶ በ«ስትሮማታ» 7ኛ መጽሐፍ፣ ፍጹም የሆነ ክርስቲያን የሚያስበውም የሚናገረውም እውነት ነው ይላል፤ ነገር ግን ሐኪም ለበሽተኛው ደኅንነት ሲል እንደሚያደርገው ያለውን ከዚህ ያወጣዋል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን መግረዙንም (ሐዋ 16፥3) በዚሁ ቦታ ያነሣዋል።

አርጌንስም ተከተለው። የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ቃሉ የደረሰን ጄሮም ሩፊኖስን ሲከራከር ስለጠቀሰው ነው። መዋሸት ግድ የሆነበት ሰው እንደ ቅመምና እንደ መድኃኒት በልክ ይጠቀምበት፤ ዮዲት፣ አስቴርና ያዕቆብ ከጠበቁት ልክ አይለፍ ይላል። ታላቅ በጎ ነገር ሳንፈልግበት ብንዋሽ ግን «እኔ እውነት ነኝ» ባለው ፊት እንደ ጠላት እንፈረዳለን። ይህ ሁለተኛው ግማሽ ሲጠቀስ አይሰማም፤ እርስዎ ግን አይተዉት።

ከሁሉ በላይ ሥዕሉን ግልጽ ያደረገው ዮሐንስ አፈወርቅ ነው፤ «ስለ ክህነት» በተባለው ድርሳኑ 1ኛ መጽሐፍ። አንድ በትኩሳት የተያዘ ሰው መድኃኒቱን እንቢ ብሎ ወይን ጠጅ ካልሰጣችሁኝ አለ። ወይኑ ደግሞ ይገድለዋል። ሐኪሙ ገና ከእሳት የወጣ የሸክላ ዕቃ አመጣና ወይን ውስጥ ነክሮ አራሰው፤ ከዚያ አውጥቶ ውኃ ሞላው። ብርሃኑ ምስጢሩን እንዳያወጣው ክፍሉን በመጋረጃ አጨለመ። በሽተኛው የወይኑን ሽታ ሲያገኝ ሳይመረምር ጠጣ፤ ዳነም። አፈወርቅ ይህን ዓይነቱን ነገር ማታለል ብሎ መጥራትም አይፈልግም፤ በጎ አስተዳደር ነው ይለዋል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ በክርክሩ ውስጥ ሚዛኑ የአድራጊው ሐሳብና ውጤቱ ነው። ሐኪሙ በአፉ ምን አለ የሚለው ጥያቄ አልተነሣም።

ዮሐንስ ካስያን በ17ኛው «ጉባኤ» የግብፁን አባ ዮሴፍ ሲያናግር ልኩን ያጠብቀዋል። ሐሰት ሄሌቦር እንደሚባለው መርዛማ ሥር ነው፤ ሞት የሚያደርስ በሽታ ሲመጣ ቢወሰድ ያድናል፣ በጤና ጊዜ ቢወሰድ ወዲያው ይገድላል።

ይሁን እንጂ «ምሥራቅ ፈቀደ፣ ምዕራብ ከለከለ» ብለው እንዳይጽፉ። ቅዱስ ባስልዮስ በአጭር ሥርዓቶቹ 76ኛ ጥያቄ ላይ ለጥቅም ሲባል መዋሸት ይቻላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አይቻልም ነው ያለው፤ ጌታ ሐሰትን ከዲያብሎስ ነው ሲል (ዮሐ 8፥44) ሐሰትን ከሐሰት አልለየም የሚል ነው ማስረጃው። በምዕራብም ሂላርዮስ ዘፖይቴ አንዳንዴ ሐሰት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብሏል።

የብራና_ልጅ

ዘጎርጎራ በደንብ አስቀምጠውታል። እኔ አውግስጢኖስ ላይ ልቆይ፤ በዚህ ጉዳይ ብቻ ሁለት ድርሳን ጽፏል። «ስለ ሐሰት» ወደ 395 አካባቢ፣ «በሐሰት ላይ» ደግሞ ወደ 420 አካባቢ። ሁለቱን አትደባልቁ። የመጀመሪያው መርማሪ ነው፤ ጥያቄ ያነሣል፣ ይገለብጣል፣ አንዳንዱን ሳይቋጭ ይተዋል። እርሱ ራሱ በስተርጅናው ሥራዎቹን ሲገመግም ይህ ድርሳን ግልጽ ያልሆነና አስቸጋሪ ሆኖ ስላገኘው እንዲጠፋ አስቦ እንደነበር ጽፏል። ሁለተኛው ግን ቁርጥ ያለ ነው።

ከትርጉሙ እንነሣ። ለአውግስጢኖስ ዋሾ ማለት በልቡ አንድ ነገር ይዞ በቃል ወይም በምልክት ሌላ የሚገልጥ ነው። ስለዚህ ስሕተትን እውነት መስሎት የተናገረ ሰው ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። እውነት የሆነውን ነገር ሐሰት መስሎት ሰውን ሊያሳስት የተናገረ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝም ዋሽቷል። ቀልድም ከውሸት አይቆጠርም፤ የተናጋሪው ድምፅና ሁኔታ ቀልድ መሆኑን ይናገራልና።

ከዚያ የሚያነሣው ምሳሌ ለውይይታችሁ እጅግ ይጠቅማል። በአንድ መንገድ ላይ ሽፍቶች አሉ። አንዱ ሰው ወዳጁ እንደማያምነው ያውቃል፤ ስለዚህ ወዳጁ በዚያ እንዳይሄድ ሲል «በዚያ መንገድ ሽፍታ የለም» ይለዋል። ወዳጁም አላምንህም ብሎ በሌላ መንገድ ሄዶ ይድናል። ሌላው ሰው ደግሞ እንደማይታመን እያወቀ፣ ሰውየው እንዲጠፋ ፈልጎ «በዚያ መንገድ ሽፍታ አለ» ይለዋል። ሰውየው አላምንህም ብሎ ይሄዳል፤ ሽፍቶቹ እጅ ይወድቃል። ከሁለቱ ማን ዋሸ? ሐሰት ማለት ሐሰተኛ ቃል ለመናገር መፈለግ ከሆነ የመጀመሪያው ዋሽቷል። ለማሳሳት መፈለግ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው፣ እውነቱን የተናገረው፣ ዋሽቷል። አውግስጢኖስ እዚህ ላይ ፍርዱን አንድ ወገን ላይ አይጥለውም፤ ሁለቱም የሌለበት ቃል አስተማማኝ ነው ብሎ ያልፋል። ተሳታፊዎቹን በዚህ ጥያቄ ብትጀምሯቸው ቀሪው ይቀላል።

ሐሰትንም ከከባዱ ወደ ቀላሉ በስምንት ደረጃ ይዘረዝራል። ከሁሉ የከፋው ሃይማኖት ሲያስተምሩ፣ ሰውን ወደ እምነት ለመሳብ እንኳ ቢሆን፣ መዋሸት ነው። ሁለተኛው ማንንም ሳይጠቅም ሰው የሚጎዳ፣ ሦስተኛው አንዱን ጠቅሞ ሌላውን የሚጎዳ፣ አራተኛው ለውሸት ካለ ፍቅር ብቻ የሚነገር፣ አምስተኛው ወግ ለማሳመርና ሰውን ደስ ለማሰኘት የሚባል ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ማንንም አይጎዱም፦ የሰውን ገንዘብ ከቀማኛ ለማትረፍ፣ ሰውን ከሞት ለማትረፍ፣ ሰውን ከሥጋ መደፈር ለማትረፍ። ስምንተኛው ከሁሉ ይቀላል፤ ቢቀልም ግን ኃጢአት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ሁለት ነገር አለ። አንዳንዱ ስምንቱን አይቶ «አውግስጢኖስ ቀላሎቹን ፈቀደ» ይላል፤ አልፈቀደም። ሌላው ደግሞ «ለእርሱ ውሸት ሁሉ እኩል ነው» ይላል፤ ይህም ስሕተት ነው። ሰው ለማዳን የዋሸና ሰው ለመጉዳት የዋሸ እጅግ እንደሚራራቁ ደጋግሞ ጽፏል።

አዋላጆቹንና ረዓብንም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈታቸው። እግዚአብሔር መልካም ያደረገላቸው ስለ ምሕረታቸው ነው፤ ስለ ሐሰታቸው አይደለም። ሕፃናቱን ማትረፋቸው ተመሰገነ፤ ያ ውሸት ግን በምሕረታቸው ይቅር ተባለላቸው እንጂ ጽድቅ ሆኖ አልተቆጠረም።

ይህን ሁሉ ሲል ልበ ደንዳና መስሎ እንዳይታያችሁ። «በሐሰት ላይ» ወደ መጨረሻው የሚያነሣውን አንብቡት። አንድ አባት በጠና ታሟል። አንድያ ልጁ ሞቷል፤ እርሱ አልሰማም። መርዶውን ቢሰማ እንደሚሞት ይታወቃል። «ልጄ ደኅና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያለው መልስ ሦስት ነው፦ ሞቷል፣ አለ፣ አላውቅም። ሁለቱ ሐሰት ናቸው፤ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ይገድለዋል። አውግስጢኖስ በዚህ ጉዳይ ልቡ እጅግ እንደሚናወጥ በግልጽ ይናገራል። የማይለቀው ግን በአንድ ምክንያት ነው፤ ለዚህ በር ከተከፈተ ውሸቱ ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ወደ ትላልቁ ሐሰት እስኪደርስም የሚያቆመው አይገኝም። ለእኔ ክብደቱ ያለው እዚህ ነው፤ የጭንቁን ልክ አይቶ፣ መልሱን ሳያለሳልስ ጸና።

ምሥራቀ_ፀሐይ

ሁለታችሁንም ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በቃል ብቻ ሳይሆን በወረቀት ስለሚዋሸው ውሸትም አንድ ነገር ልጨምር፤ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን በእውን ያስጨነቃት እሱ ነውና።

በ250 የሮም ንጉሥ ዳክዮስ የግዛቱ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው በሹማምንት የተፈረመ ማስረጃ ይሰጠዋል። ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ከ40 በላይ እንዲህ ያሉ ፓፒረሶች ተገኝተዋል። ይዘታቸው ተቀራራቢ ነው፦ ሰውየው ሁልጊዜም ለአማልክት ሲሠዋ እንደኖረ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት እንዳፈሰሰ፣ እንደሠዋና ከመሥዋዕቱ እንደቀመሰ ይገልጽና እንዲመሰክሩለት ይለምናል። ታዲያ ብዙ ክርስቲያኖች ሳይሠዉ ገንዘብ ከፍለው ወረቀቱን ወሰዱ። ክርክራቸው ደካማ አልነበረም። ቆጵርያኖስ ዘቅርጣግና በ55ኛ መልእክቱ እንደመዘገበው አንዱ እንዲህ ይላል፦ ለጣዖት መሠዋት እንደማይገባ ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ለሹሙ ክርስቲያን እንደሆንኩ፣ መሠዋት እንደማልችል ነግሬ፣ እንዳልሠዋ ከፈልኩ። ማለትም በአፉ እውነቱን ተናግሯል፤ የዋሸው ወረቀቱ ነው።

ቆጵርያኖስ ይህን አልተቀበለም፤ በስምህ የተጻፈው ማስረጃ ያንተው የክህደት ቃል ነው አለ። ቢሆንም እጁን በመሥዋዕት ካረከሰው ጋር አንድ አላደረገውም፤ የእያንዳንዱ ጉዳይ እየታየ ወረቀት ብቻ የወሰዱት ቀድመው በንስሐ እንዲመለሱ ተደርጓል። በዚያው ዘመን ኤልከሳውያን የተባሉት ደግሞ በልብ ጸንቶ በአፍ መካድ አይጎዳም ያሉ ሲሆን፣ አውሳብዮስ ይህን ትምህርት መዝግቦ እንደ መናፍቅነት አስቀምጦታል። ለሕይወት ብሎ መዋሸትና ክርስቶስን መካድ በአባቶች ዘንድ ፈጽሞ በአንድ ሚዛን አልተቀመጡም፤ ፈቃጅ የተባሉት እንኳ ሁለተኛውን አልፈቀዱም። በጽሑፍዎ ይህን መስመር ቀድመው ያስምሩ፤ አለዚያ ውይይቱ ይደበላለቃል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ጽሑፍም አለ፤ የሄርማስ መጽሐፍ። በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን የቆየ ሲሆን አንቷን ዳባዲ በ1860 አሳትሞታል። በ3ኛው ትእዛዝ ሄርማስ በሕይወቱ እውነት ተናግሮ እንደማያውቅ እያለቀሰ ይናዘዛል። የተሰጠው ትምህርት ሐሰትን ከአደራ ጋር ያገናኘዋል፦ ሰው ሐሰት የሌለበት መንፈስ አደራ ተቀብሏል፤ ሐሰተኛ አድርጎ ቢመልሰው የአደራ ሰጪውን ገንዘብ እንደዘረፈ ነው። ከአሁን ጀምረህ እውነት ተናገር፤ የቀድሞውም እንኳ በዚህ ሊታመንልህ ይችላል ይለዋል። አውግስጢኖስ ሕግ ሲፈትሽ ይህ ንስሐ ያስተምራል፤ ለማኅበር ውይይት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ንባበ_ልቡና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን ገና ነው፤ ዝምታና ሸፈን ያለ ንግግር። ቅዱስ አትናቴዎስ በዓባይ ላይ የመለሰው መልስ በየጊዜው ይነሣል። ደግሞም ቤት ለደበቅሁት ሰው ዝም ብል ዝምታዬ ራሱ «እዚህ ነው» ማለት ቢሆንስ?

ዘጎርጎራ

የአትናቴዎስን ነገር ልመልስ። በ362 በሮም ንጉሥ በዑልያኖስ ዘመን ሲሰደድ በጀልባ በዓባይ ሽቅብ ይሄድ ነበር። አሳዳጆቹ እየደረሱ መሆናቸውን ሲሰማ ጀልባውን ወደ እስክንድርያ አስመለሰ፤ ፊት ለፊት ተገናኙ። አትናቴዎስ ወዴት ደረሰ ብለው ቢጠይቁ ሩቅ አይደለም የሚል መልስ አገኙ፤ እነርሱም ወደ ፊት ቀዘፉ። ታሪኩን ሶቅራጥስና ቴዎዶሪጦስ በታሪክ መጻሕፍታቸው ጽፈውታል።

ቃሉ እውነት ነው። ሰሚው ግን ስቶ ሄዷል። በአፈወርቅ ሚዛን ምንም ችግር የለበትም። በአውግስጢኖስ ሚዛን ግን ቅድም ወደተነሣው የሽፍቶቹ ጥያቄ ይመልሰናል፤ ቃሉ እውነት፣ ለማሳሳት መፈለጉ ግን አለ። ስለዚህ ይህን ታሪክ «ውሸት ተፈቅዷል» ለማለት አይጥቀሱት፤ ውሸት ከየት ይጀምራል ለሚለው ክርክር ግን ጥሩ መነሻ ነው።

እውነትን መሸሸግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አውግስጢኖስም ሰፊ ነው። የሚዋሽ ሁሉ እውነትን ይሸሽጋል፤ እውነትን የሚሸሽግ ሁሉ ግን አይዋሽም። ሳሙኤል ዳዊትን ሊቀባ ሲሄድ ሳኦል እንዳይገድለው ፈራ፤ እግዚአብሔርም ጊደር ይዘህ «ልሠዋ መጣሁ በል» አለው (1ሳሙ 16፥2)። በእውነትም ሠውቷል፤ የቀረውን አልተናገረም።

ከበረሐ አባቶች ደግሞ አባ አጋቶን ምላሴን ከውሸት እንዴት ልግታ ብሎ አባ አሎንዮስን ሲጠይቀው፣ አሎንዮስ ካልዋሸህ ብዙ ኃጢአት ይጠብቅሃል አለው። እንዴት ቢለው፣ ነፍስ የገደለ ሰው ወደ በኣትህ ቢሸሽና ሹሙ መጥቶ ቢጠይቅህ፣ ካልዋሸህ ሰውየውን ለሞት ትሰጠዋለህ አለው። ይህን ሲጠቅሱ እዚህ አያቁሙ። አሎንዮስ ቀጥሎ፣ ይልቅስ ሰውየውን ሁሉን ለሚያውቅ ለእግዚአብሔር ተወው ይላል። መጨረሻው ሲቆረጥ ነገሩ ቀላል የውሸት ፈቃድ ይመስላል።

የብራና_ልጅ

በመጀመሪያ ለጽሑፍዎ ሳይጠቅሱት ሊያልፉ የማይገባ አንድ ጠብ፦ የገላ 2፥11-14 ጉዳይ። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጄሮም አርጌንስን ተከትሎ ሁለቱ ተስማምተው ለትምህርት ያደረጉት ነው ብሎ ተርጉሞት ነበር። አውግስጢኖስ ደነገጠ፤ ጳውሎስ በዚያው መልእክት (1፥20) እንዳልዋሸ በእግዚአብሔር ፊት እየመሰከረ የጻፈው ነገር ተውኔት ከሆነ፣ ከመጽሐፍ ውስጥ የትኛውን ቃል እናምናለን አለ። ከስምንቱ መካከል በትምህርት የሚዋሸውን ከሁሉ የከፋ ያደረገው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ደብዳቤው ለጄሮም አልደረሰም፤ ሌላውም ባለቤቱ እጅ ሳይገባ በጣልያን በሌሎች እጅ ዞረ፤ ጄሮም ክፉኛ ተቆጣ። በ404 መለሰለት፣ አውግስጢኖስም በ82ኛ ደብዳቤው በሰፊው መለሰ። ጄሮም በ415 ጳላግዮሳውያን የተባሉትን መናፍቃን ሲከራከር ግሣጼውን እንደ እውነተኛ ግሣጼ ነው የጠቀሰው።

«በሐሰት ላይ» የተጻፈበት ምክንያትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በስፔን የነበሩ ፕሪስኪሊያናውያን የተባሉ መናፍቃን ሃይማኖታቸውን ለመደበቅ መዋሸት ይፈቀዳል ይሉ ነበር። ኮንሴንቲዩስ የተባለ ሰው እነርሱን ለመያዝ እኛም እንደነርሱ መስለን እንግባ ብሎ ጠየቀ። አውግስጢኖስ በቁርጥ ከለከለ፤ ውሸትን በውሸት ብናጠምድ፣ ከተያዙት ይልቅ የያዝናቸው ጠፋን አለ። በኋላ ከእኛ ማንን ያምናሉ? ዛሬ ለተያዘው ስንናገር እውነት መናገራችንን በምን ያውቃል?

አሁን ዝምታው ራሱ ቢያጋልጥ ወዳሉት። አውግስጢኖስ ይህንኑ ጥያቄ «ስለ ሐሰት» ላይ በዝርዝር ፈትሾታል። ለምሳሌ የወሰደው የታጋስት ጳጳስ የነበረውን ፊርሞስን ነው። የንጉሥ መልእክተኞች ሊገደል የሚፈለግ ሰው አምጣ ብለው መጡበት፤ ሰውየው በእርሱ ዘንድ ተሸሽጓል። ፊርሞስ «መዋሸትም፣ ሰው አሳልፌ መስጠትም አልችልም» አላቸው። አሠቃዩት፤ አልተናገረም። ወደ ንጉሡ ወሰዱት፤ ንጉሡ ጽናቱን አይቶ ተደነቀ፤ ለተደበቀውም ሰው ምሕረት ተገኘለት።

ይህ የሚሠራው ግን ጠያቂው ቦታውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ጣቱን ወደ አንድ ክፍል ቀስሮ «እዚህ ውስጥ ነው ወይስ አይደለም?» ካለስ? በዚያ ጊዜ «አልናገርም» ማለት፣ እርስዎ እንዳሉት፣ እዚያ ነው እንደማለት ይሆናል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ «አይደለም» ባለ ነበርና። ስለዚህ አውግስጢኖስ ቃሉን ይለውጣል፦ ስለዚያ ክፍል አንዳች ሳይናገር «የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከቶ ግን አላሳይም» ይበል ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ክፍሉን አላጋለጠም፣ አልዋሸምም፤ የጠያቂውን ቁጣ ግን ከተደበቀው ሰው ላይ አንሥቶ በራሱ ላይ አድርጓል። በውይይቱ ላይ «ታዲያ ምን ይበል?» የሚል ሰው አይጠፋምና ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይያዙት።